ጋሼ ዘርይሁን ያመጣው የድመት አሸዋ

ፊት ለፊት ስንገናኝ «እርስዎ» እለዋለሁ። ጎንበስ ብዬ እጨብጠዋለሁ። እዚህ ግን «እሱ» ነው የምለው፤ እዚህ እንኳ ልተንፍስ። ስሙ ዘርይሁን ነው። ለቶሮንቶ አበሻ ጋሼ ዘርይሁን ነው፤ የዕድራችን ሊቀመንበር፣ ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ሳይጠይቁት የሚመልስ። ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ከዚያ ውስጥ ሠላሳ ስድስቱን እዚህ አገር ኖሮ አንድ ሰው ንግግሩን እስኪጨርስ ጠብቆ አያውቅም።

በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ነው የመጣው። ይሄንን እንዳንረሳው በየስብሰባው ያስታውሰናል። «እኛ ስንመጣ» ብሎ ከጀመረ የያዛችሁት ሻይ ይቀዘቅዛል። ሥራው ኢቶቢኮ ነው፤ ኤርፖርቱ አጠገብ ካሉት የዕቃ መጋዘኖች፣ ከዌርሃውሶቹ፣ በአንዱ ፎርክሊፍት፣ ዕቃ ማንሻ መኪና፣ ይነዳል። ለሥራው እንከን አይወጣለትም፤ ባለቤቴ ፍራኦል እንዲህ ያለ ሥራ ቢያገኝ ስለት አስገባ ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ሰውየው ሁሉን አውቃለሁ ብሎ መኖሩ ነው። ጉልበቴን አመመኝ በሉት፣ ሐኪም ነው። ከአከራያችሁ ጋር ተጣሉ፣ ጠበቃ ነው። አንድ ቀን ቤቴ መጥቶ የምስር ወጤን ክዳን ከፍቶ «ውሃ አንሶታል» ብሎ ጨመረበት። እንግዳ ሆኖ! በገዛ ድስቴ! ያን ቀን ሰው ያበላሁት ሾርባ ነው። እሱ ግን «አላልኩሽም?» እያለ ሁለት ሳህን ላፈ።

ምን ዋጋ አለው፣ የሱን ውለታ ያልበላ አበሻ እዚህ ከተማ ካለ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ነው። ቤት ስንከራይ ዋስ የሆነልን እሱ ነው። የአባቴ መርዶ ሲመጣ ከአዳራሹ ወንበር ጭኖ ከሁሉም ቀድሞ የደረሰው እሱ ነው። ወንበር አደራደር አታውቁም እያለ ጮኸብን፣ ግን ደረሰ። እንዲህ ያለ ሰው ሲናገር እያዩ ራስ ከመነቅነቅ በቀር ምን ይደረጋል? ሃያ ዓመት ነቀነቅንለት። እሱም አመነን።

እኔ ውብአለም ነኝ። አረጋውያንን ቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ፤ አጥባለሁ፣ አበስላለሁ፣ መድኃኒት አስታውሳለሁ። ማክሰኞና ዓርብ ፓርክዴል ሰፈር፣ እትዬ ወለተማርያም ዘንድ ነኝ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ሰባተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ባለቤታቸው ሞተዋል። ልጃቸው ቫንኩቨር ነው፤ እሑድ እሑድ ይደውላል፣ ካልረሳ። ከዚያ ውጪ እዚያ ቤት ውስጥ ትንፋሽ ያለው ሌላ ነገር ሊዮ ብቻ ነበር።

ሊዮ ድመት ነው። ዳለቻ፣ ወፍራም፣ አንድ ጆሮው የተተለተለ። ጎረቤታቸው የነበረች የቲቤት ሴት ወደ ካልጋሪ ስትሄድ «ለሁለት ሳምንት ያዙልኝ» ብላ ሰጥታቸው በዚያው ጠፋች። ይኸው አራት ዓመት። መጀመሪያ «ኧረ በማርያም፣ ሰው በሚበላበት ቤት ውስጥ ድመት ሲጸዳዳ አላይም!» ብለው ነበር። ሦስት ወር አልቆዩም። ጠዋት ሲነሱ «እንዴት አደርክ» የሚሉት እሱን ሆነ። ዳዊታቸውን ሲደግሙ ጭናቸው ላይ ይጋደማል፤ እንዳይነቃባቸው ገጹን በሁለት ጣት ቀስ አድርገው ነው የሚገልጡት። እኔ ስገባ መጀመሪያ የሚነግሩኝ የራሳቸውን ሕመም አይደለም፣ ሊዮ ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ ነው።

እቤት ውስጥ የሚኖር ድመት ደግሞ የሚጸዳዳበት አሸዋ ይፈልጋል። እትዬ ከታች ካለው ሱቅ ትንሽ ትንሽ እየገዙ ይኖሩ ነበር። ይሄንን ጋሼ ዘርይሁን ሰማ። አለቀልን!

ዌርሃውሳቸው ውስጥ የድመት አሸዋ በየፓሌቱ፣ በየእንጨት ርብራቡ ላይ፣ ተቆልሎ ይገባል። ከረጢት ሲቀደድ ለመደብር አይላክም፤ ሠራተኛ ቢወስደው አይከለከልም። ስለዚህ ጋሼ ዘርይሁን ወለል ላይ የፈሰሰውን በመጥረጊያ ይሰበስብና በባዶ የዱቄት ከረጢት ሞልቶ፣ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ በትከሻው ተሸክሞ ፓርክዴል ይመጣል። ገና ከኮሪደሩ «እትዬ! የሊዮን ሲሳይ ይዤ መጣሁ!» ይላል። የሰባተኛ ፎቅ ሰው በሙሉ ይሰማዋል።

አሸዋው ከሸክላ አፈር የተሠራ ነው፤ ርካሹ ዓይነት፣ ሽቶ የተረጨበት። ከአዲስ ከረጢት እንኳ ሲፈስ ይጨሳል። እሱ የሚያመጣው ደግሞ የወለል ጥራጊ፣ ያውም የድቃቂው ድቃቂ ነው። አፈሳሱን ደግሞ ብታዩት! እትዬ በማንኪያ ቀስ ብለው ይጨምሩ ነበር፤ እሱ ግን ከረጢቱን ደረቱ ድረስ አንስቶ ዥው ያደርገዋል፣ አውድማ ላይ እህል የሚያፍስ ይመስል። ክፍሏ ትጉማለች። ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ዳዊቱ ላይ፣ የማርያም ሥዕል መስተዋት ላይ ነጭ አቧራ ያርፋል። ክረምት ነው፣ መስኮት አይከፈት። ሳጥኑን ከመታጠቢያ ቤት አውጥቶ አልጋቸው ግርጌ ያስቀመጠውም እሱ ነው። «እዚህ አየር ያገኛል» ብሎ! ድመቱ አየር እንዲያገኝ አሮጊቷ ጭንቅላታቸውን አቧራ ውስጥ ዘፍቀው ይተኛሉ ማለት ነው። ለእንዲህ ያለ ጭንቅላት እንዴት መንጃ ፈቃድ እንደሰጡት አላውቅም።

ኅዳር ላይ እትዬ ማሳል ጀመሩ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ። ታኅሣሥ ሲገባ ሳሉ ሲጀምራቸው የአልጋውን ብረት ይዘው እስኪያልፍ የሚቆሙ ሆኑ። ሊዮም ያስነጥሰዋል፣ ዓይኑ ያለቅሳል። ሁለቱ ተፋጥጠው ሲያስሉና ሲያስነጥሱ ብታዩ አንጀት ይበላሉ።

ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አስያዝኩ። ጋሼ ዘርይሁን «እኔ አስተረጉማለሁ» ብሎ መጣ። እኔ እያለሁ! ሃያ ዓመት በእንግሊዝኛ የሠራሁ ሴት፣ የኔ አይበቃም ማለቱ ነው። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ረጋ ብላ አዳመጠች። አስም ሊሆን ይችላል አለች፣ የድመት አለርጂም ሊሆን ይችላል፣ የቤት አቧራም ሊሆን ይችላል፤ ምርመራ አዝዛለሁ፣ ውጤቱ ጊዜ ይወስዳል፣ እስከዚያ ይሄን ፓፈር፣ በአፍ የሚሳበውን የትንፋሽ መድኃኒት፣ ይሳቡ፣ እቤት ውስጥ አቧራ የሚያስነሳ ነገር ካለ አስወግዱ። እንዲህ ነው ያለችው፤ ቃል በቃል ሰምቻለሁ።

ጋሼ ዘርይሁን ወደ እትዬ ዞረና «ድመቱን አስወጡ ነው የምትለው» አለ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ይመርመሩ ነው ያለችው» አልኩ። ድምፄ የወባ ትንኝ ድምፅ ነበር።

«አንቺ ደግሞ! ሐኪም ፊት ለፊት አይናገርም፤ ይጠቁማል። እኔ እነዚህን ሰዎች ሠላሳ ስድስት ዓመት አውቃቸዋለሁ።»

እትዬ የቦርሳቸውን ማንገቻ ጭብጥ አደረጉት። እሱ መኪናውን ሊያመጣ ሲሄድ ክንዴን ያዙና «ውቤ፣ ሊዮን ሊወስዱብኝ ነው?» አሉኝ።

«እኔ እያለሁ? አይደረግም!» አልኳቸው። ከልቤ ነበር። እንዲህ ብዬ ነበር፣ ልብ በሉልኝ።

በማግስቱ ብሉር መንገድ ላይ ያለ የቤት እንስሳት ዕቃ መደብር ሄድኩ። እዚያ የዕድራችን አባል ልጅ ሆሣዕና ትሠራለች። አማርኛ ትሰማለች፤ መልሷ ግን ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። ታሪኩን ስነግራት «አንቲ ውቤ፣ ኦ ማይ ጋድ፣ ከወለል ላይ ነው የሚያመጣው?» ብላ አፏን ያዘች።

ከመደርደሪያው ላይ «ዘጠና ዘጠኝ ፐርሰንት አቧራ የለውም» የሚል ከረጢት አነሳሁ። ቀማችኝ። «እሱ ማስታወቂያ ነው፤ ቴስት አድርጊ።» የተከፈቱ ናሙናዎች ነበሯት። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ስር ጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ዘረጋችና ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ኩባያ ከክንድ ከፍታ አፈሰሰች። የሸክላው ጢሱ ፀሐይዋ ውስጥ ሲሽከረከር ታየ፤ ፌስታሉ ነጣ። ከስንዴ የተሠራው መካከለኛ ነው። እንደ መስተዋት ፍርፋሪ የሚያበራው ብዙም አልጨሰም፣ ግን እግር ስር ሲገባ ይወጋል፤ እትዬ ደግሞ እቤት ውስጥ ባዶ እግራቸውን ናቸው። የጥድ እንጨቱ ደህና ነው። ከአሮጌ ወረቀት የተጠቀጠቀው፣ የባቄላ ፍሬ የሚያህለው ሲፈስ ምንም የለም፤ ፌስታሉ ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ችግሩ ሲረጥብ አይጓጉልም፤ እርጥቡን ለይቶ ማውጣት አይቻልም፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መቀየር አለበት። ሽቶ ያለውን በጭራሽ አለችኝ፤ ሽቶው ለገዢው አፍንጫ እንጂ ለድመቱ አይደለም፣ ለሚያስለው ሰው ደግሞ መርዝ ነው። «እና አንቲ፣ ስሎውሊ። በአንዴ ከቀየርሽበት ይናደዳል። መጀመሪያ ትንሽ ደባልቂለት።»

ልጅት አጥርታ ነገረችኝ። እኔ ደግሞ ማን ይስማ! እኔም ለካ ትንሽ ዘርይሁን አለብኝ። የጥዱ ሽታ ስለ ጣመኝ እሱን ገዛሁና ሄጄ ሙሉውን ሳጥን ገልብጬ ቀየርኩት። ሊዮ መጣ፣ አሸተተ፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ በሩ አጠገብ ያቆምኩት የበረዶ ቦቴ ውስጥ ገብቶ ጉዳዩን ፈጸመ። በስድሳ ሰባት ዶላር የገዛሁት ቦት! እትዬ ሳቁ፣ ሳቁ፣ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠና ፓፈሩን ሁለት ጊዜ ሳቡ።

ተመልሼ የወረቀቱን ገዛሁ። ሳጥኑን ወደ መታጠቢያ ቤት መለስኩ። እንደ ተነገረኝ በመጣሁ ቁጥር ሁለት ሁለት ጭልፋ እየደባለቅሁ፣ አሮጌውን እየቀነስኩ፣ በሦስተኛው ሳምንት ሙሉ በሙሉ ወረቀት ሆነ። ሊዮ ምንም አላለም። አልጋ ልብሱን፣ መጋረጃውን፣ ምንጣፉን አጠብኩ። እሰይ! ለገና ማግስት ስገባ እትዬ «ሌሊቱን አንዴም አልተነሳሁም» አሉኝ። የሊዮም ዓይን ደረቀ። ዓመት በዓል የሆነልኝ ያን ቀን ነው።

ጥር ሲጋመስ ሳሉ ተመለሰ። ግን ነገሩ ግራ ነው፤ አንዳንድ ማክሰኞ ስመጣ ብሶባቸው አገኛቸዋለሁ፣ ዓርብ ቀለል ይላቸዋል። አንድ ማክሰኞ ሳጥኑን ልቀይር ስዝቅ ከወረቀቱ ስር ግራጫ አፈር ወጣ። ያ ሽቶ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «ቅዳሜ መጥቶ ነበር።»

«እሺ ይምጣ። እርስዎ ለምን ያፈሱታል?»

«ልጄ፣ ሰውየው ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ባለፈው ሊፍቱ ተበላሽቶ በደረጃ ነው የወጣው። ሲገባ መጀመሪያ ዓይኑ የሚሄደው ሳጥኑ ላይ ነው። የሌላ አሸዋ ቢያይ ምን ይለኛል? በሚመጣበት ቀን ጠዋት የሱን ከላይ አለብሰዋለሁ። ሲሄድ የቻልኩትን እዝቃለሁ።»

«እየታመሙ?»

«ደርሶ ይለቀኛል። እሱን ግን ደጄ ላይ አላሳፍረውም። የባሌን አስከሬን ያሳፈረልኝ ሰው ነው።»

ደሜ ፈላ። ይሉኝታ ይሉታል ይሄንን። ሰው በይሉኝታ ያልጣመውን ይበላል፣ ያልፈለገውን ቀሚስ ይለብሳል፤ በይሉኝታ አፈር የሚተነፍስ ግን አይቼ አላውቅም። በሳቸው ተናደድኩ፣ ከሳቸው በላይ በዚያ ግብዝ ተናደድኩ። ሰው ደስ እንዲለው ሌላው መታፈን ያለበት ምን ዓይነት ቸርነት ነው? «እኔ እነግረዋለሁ» አልኩ። «ነግረሽው እንደሆን ከዚህ በር አትግቢ» አሉኝ። ብገባም ባልገባም እነግረዋለሁ ብዬ ወጣሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንጉ ላይ ጠበቅሁት። የምናገረውን በስትሪትካር፣ በከተማው ባቡር፣ ላይ ስለማመድ ነው የመጣሁት። «ጋሼ፣ የሚያመጡት አሸዋ ነው እትዬን የሚያሳላቸው፤ ከእንግዲህ አያምጡ።» በቃ ይሄው ነው። ሕፃን ልጅ ይናገረዋል።

«ውቤ!» አለ ከሩቅ። «ልደውልልሽ ነበር። ፍራኦልን ሰኞ ጠዋት ላኪው። ሱፐርቫይዘሬን አናግሬልሻለሁ፤ ቦታ አለ።»

ፍራኦል አምስት ወር ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። ሶፋው ላይ ጎኑ የወጣበት ቅርፅ አለ። አምስት ወር ሙሉ ከሱ ጋር የተነጋገርነው ስለ ሥራ ብቻ ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አልኩ። እጁን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«ምን ልትይኝ ነበር? የፈለግሽኝ ትመስያለሽ።»

«ምንም። ለእትዬ ስለሚያመጡላቸው አሸዋ ላመሰግንዎት ነው።»

አዎ፣ ብያለሁ። ከፈለጋችሁ ትፉብኝ።

«ሳሉ ግን አልለቀቃቸውም አሉ?»

«ትንሽ አለ።»

«ድመቱ ነው። አይምሮሽን አታስጨንቂ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ።»

እጨርሰዋለሁ ሲል ሰምቼዋለሁ። ምን ማለቱ እንደሆነም ገብቶኛል። ስትሪትካሬ መጣ፣ ተሳፈርኩ።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ማክሰኞ፣ በሩን ስከፍት ሊዮ አልመጣም። ሁልጊዜ ቦርሳዬን ሊያሸት ይመጣል። እትዬ አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለዋል፤ ዳዊቱ ተዘግቶ ጎናቸው ተቀምጧል። መታጠቢያ ቤቱን አየሁ፤ ሳጥኑ የለም። ያመጣሁት የወረቀት ከረጢት ግማሽ ድረስ ሞልቶ ከበሩ ኋላ ቆሟል።

«ቅዳሜ መጣ» አሉኝ። «መያዣ ሳጥን ገዝቶ መጣ። ለስላሳ ፎጣ እንኳ አንጥፎበታል። የሥራ ጓደኛው ከኦሬንጅቪል ወዲያ እርሻ አለው አሉ፤ ጎተራ ውስጥ ከሌሎች ድመቶች ጋር ይኖራል አለኝ።»

«እምቢ አላሉም?»

«ያንን ሁሉ መንገድ ሊነዳለት ተሰናድቶ መጥቶ? ለኔ ብሎ?» አሉ። ከዚያ «ሊዮ አልጋ ስር ገብቶ ነበር። እሱ ጎንበስ ማለት አልቻለም፣ ወገቡን ያመዋል። እኔ ነኝ ጠርቼ ያወጣሁት። ስጠራው እኮ መጣ፣ ውቤ» አሉና እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ኩሽና ገብቼ የማይፈላ ውሃ ጥጄ ቆምኩ። ሥራ ነው ብዬ ነው እንጂ ያን ቀን ከሳቸው ጋር ተቃቅፌ ባለቀስኩ። የእርሻውን ስልክ ከፍራኦል በኩል አፈላልጌ ደወልኩ፤ ፍራኦል ያን ጊዜ ሥራ ጀምሯል። የሰውየው ሚስት ናት ያነሳችው። ጥሩ ሴት ትመስላለች። ድመቱ በሦስተኛው ቀን የጎተራው በር ሲከፈት ወጥቶ ሄደ፤ ፈልገነዋል፣ አላገኘነውም አለችኝ። የየካቲት በረዶ ነው ውጪው። አራት ዓመት ሙሉ ከክፍል ወጥቶ የማያውቅ ድመት ነው። ለእትዬ አልነገርኳቸውም። «ደህና ነው አሉ» ነው ያልኳቸው።

ጉዱ ገና ነው። እትዬ ሳል ለቀቃቸው! ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ፓፈሩን ረሱት። ለምን እንደሆነ እናንተም እኔም እናውቃለን፤ ድመት ከሌለ አሸዋ የለም፣ አሸዋ ከሌለ አቧራው የለም። ለጋሼ ዘርይሁን ግን ይሄ ተአምር ነው። «ነግሬ ነበር!» ብሎ ለፓርክዴል ሰው፣ ለጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ሰው፣ ስልክ ለሚያነሳለት ሁሉ ደወለ።

መጋቢት መጀመሪያ ላይ የምርመራው ውጤት በደብዳቤ መጣ። እትዬ «አንብቢልኝ» አሉኝ። አነበብኩላቸው። የድመት አለርጂ የለባቸውም። በግልጽ ተጽፏል፣ የለባቸውም። የመተንፈሻ ቧንቧቸው በአቧራና በጠንካራ ሽታ ይቆጣል፤ ከነዚህ ይራቁ ይላል። ሁለቴ አስነበቡኝ። በሁለተኛው ላይ «የለብኝም?» አሉ። «የለብዎትም።» ወረቀቱን ተቀብለው የማይችሉትን የፈረንጅ ፊደል ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ መልሰው ሰጡኝና «አንቺ ያዢው» አሉኝ። ለማንም እንዳታሳዪ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላሉም።

በዚያው ወር የዕድሩ ስብሰባ ነበር። አዳራሹ ሞልቷል። እትዬን በመኪናው ያመጣቸው ራሱ ነው፤ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ስለ መዋጮው ተነጋገርን፣ ስለ አዳራሹ ኪራይ ተነጋገርን፣ ከዚያ ጋሼ ዘርይሁን ኮቱን አስተካክሎ ተነሳ።

«እኔ ሁልጊዜ የምለው ነው፤ እርስ በርሳችን ካልተያየን ሐኪም አያድነንም። እኚህ እናታችን አራት ወር ሲያስላቸው ሐኪሟ ምርመራ፣ ቀጠሮ፣ ምርመራ፣ ቀጠሮ ትላለች። እኔ አንድ ጊዜ አይቼ ድመቱ ነው አልኩ። አወጣሁት። ይኸው ሁለት ሰዓት ተቀምጠናል፣ አንዴ ሲያስሉ የሰማ አለ?» ሰው ሳቀ። «ያውም አሸዋውን በነፃ ሳቀርብለት የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ለጤናቸው ስል ግን አልሳሳሁለትም።»

ግብዝ! ግብዝ! ልቤ እንዲህ እያለ ይጮሃል። ዙሪያዬን አየሁ። ራስ የሚነቀንቅ ብቻ ነው።

«ምስክር ደግሞ አለኝ፣ ያውም ባለሙያ» አለና በእጁ ጠቆመኝ። «ውቤ፣ ተነሺ እስቲ። በየሳምንቱ የምታያቸው አንቺ ነሽ። የሳላቸው ምክንያት ድመቱ አልነበረም እንዴ?»

ተነሳሁ። ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ፍራኦል አጠገቤ ተቀምጧል፤ የዌርሃውሱን አዲስ ጃኬት እሑድም አያወልቀውም። እትዬ ወለተማርያም ከፊት ወንበር ዞረው አዩኝ። እሳቸው «ዝም በይ» ሲሉኝ እንዴት እንደሚያዩ አውቃለሁ፤ ወር ሙሉ ያንን ዓይን ሳይ ነው የከረምኩት። ይሄ ያ አልነበረም። አንገታቸውን አስግገው፣ ከንፈራቸውን ገርበብ አድርገው እየጠበቁኝ ነበር።

«አዎ፣ ድመቱ ነበር» አልኩ።

ተጨበጨበ። እትዬ ትንሽ ቆይተው ፊታቸውን መለሱ። ጋሼ ዘርይሁን ማጨብጨቡን እስኪያቆም እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።